ከደሴ እስከ ውጭ አገር ዋርድ፦ የክሊኒክ ልምምድንና ጉዞን አጣምሮ ለመሄድ ዝርዝር መመሪያ

በደሴም ሆነ በወልድያ የሕክምና፣ የነርስ፣ የአዋላጅነት ወይም የፋርማሲ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች በውጭ አገር ሆስፒታል ለጥቂት ሳምንታት የክሊኒክ ልምምድ ለማድረግ በየዓመቱ ይጽፋሉ፤ ከመካከላቸው የመቀበያ ደብዳቤ እጃቸው ከገባ በኋላ እንኳ ሳይሄዱ የሚቀሩት ጥቂት አይደሉም። በቅርብ ሆኜ ባየኋቸው ጉዳዮች ሁሉ መሰናክሉ የውጤት ማነስ ወይም የቋንቋ ድክመት ሳይሆን ሥራዎቹ በተሳሳተ ቅደም ተከተል መጀመራቸው ነበር። ስምንት ወር የሚፈጀው ክትባት ለመጨረሻው ወር ይቀመጣል፤ አንድ ቀን የሚፈጀው ቅጽ መሙላት ግን ከሁሉ በፊት ይሠራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተቀመጡበት ተራ ይከተሉ፤ አንዱን ሳይጨርሱ ቀጣዩን መጀመር የሚቻለው በግልጽ በተጠቀሰበት ቦታ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ከራስዎ ትምህርት ክፍል ይጀምሩ (ከጉዞው 10 ወር በፊት)

ወደ ውጭ ሆስፒታል አንድ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎን ያነጋግሩና ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ያግኙ፦ ከመደበኛ አታችመንት (በሆስፒታል ከሚደረገው የተግባር ልምምድ) ነፃ የሚሆኑባቸውን ቀናት፣ ልምምዱ በትምህርትዎ ውስጥ ይቆጠር ወይም አይቆጠር እንደሆነ፣ እና ሲመለሱ ሎግቡክዎን (የልምምድ መዝገብዎን) የሚፈርመው ማን እንደሆነ። ቀናቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሰጡዎት እዚያው ወደ አውሮፓ አቆጣጠር አስለውጠው በደብዳቤው ላይ ሁለቱም እንዲሰፍሩ ይጠይቁ።

የዲኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ በተቋሙ አርማ፣ ክብ ማኅተምና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። በውስጡም ስንተኛ ዓመት እንደሆኑ፣ ምን ምን ሥራ በቁጥጥር ሥር እንዲሠሩ እንደሚፈቀድልዎ፣ እንዲሁም በየትኛው ቀን ተመልሰው ትምህርት እንደሚቀጥሉ ይጻፍ። የመመለሻው ቀን ለተቀባዩ ሆስፒታል ብዙም ላያስፈልግ ይችላል፤ ለቪዛው ግን ከሁሉም ዐረፍተ ነገሮች ይበልጣል፤ ስለዚህ ሲጎድል ዝም ብለው አይቀበሉ።

ደረጃ 2፦ ክትባቱን በዚያው ሳምንት ይጀምሩ

ይህ ደረጃ ዘወትር የሚናቅና ብዙዎችን የሚያስቀር በመሆኑ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሄፓታይተስ ቢ። ብዙ ተቀባይ ሆስፒታሎች ሙሉ ክትባት መውሰድዎን ብቻ ሳይሆን ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ውጤትም ይጠይቃሉ። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን የያዘው ፔንታቫለንት ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ተማሪዎች በሕፃንነታቸው ተከትበናል ብለው ሊተማመኑ አይገባም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ) መጀመሪያ ቫይረሱ በደምዎ ውስጥ አለመኖሩን ይመርመሩ።
ለ) የመጀመሪያውን ዶዝ ይውሰዱ፤ ሁለተኛውን ከ1 ወር በኋላ፣ ሦስተኛውን ከመጀመሪያው 6 ወር በኋላ ይከተቡ።
ሐ) ከሦስተኛው ዶዝ ከ1 እስከ 2 ወር ቆይተው የፀረ እንግዳ አካል መጠን ያስለኩ፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተከላክለዋል ማለት ነው።

ስሌቱ 7 ወይም 8 ወር ይሆናል፤ በችኮላ የሚያጥር አይደለም፤ እስኪያልቅ ግን ደረጃ 3ን መጀመር ይቻላል። ጊዜው ካለፈብዎ በ0፣ በ1 እና በ2 ወር ተሰጥቶ በ12ኛው ወር ማጠናከሪያ የሚጨመርበት የተፋጠነ መርሐ ግብር አለ፤ ተቀባዩ ሆስፒታል ይህን እንደሚቀበል በጽሑፍ ሳያረጋግጥልዎ ግን አይጀምሩት። የመለኪያው ውጤት ከ10 በታች ከሆነ ተጨማሪ ዶዝ ወስደው እንደገና ይለኩ። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ እንዳለብዎ ካሳየ ደግሞ ነገሩን አይደብቁ፤ ክትትልዎን ይጀምሩና ሆስፒታሉ ያለ ቀዶ ሕክምና ሥራ የሚሳተፉበትን ክፍል ሊሰጥዎ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።

ቲቢ። የቆዳ ምርመራው ውጤት የሚነበበው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሐሙስ ዕለት አይወጉ፤ የሚነበበው ቅዳሜና እሑድ ላይ ይወድቅና ይባክናል። ሁላችንም ማለት ይቻላል በልጅነታችን የቢሲጂ ክትባት የወሰድን በመሆኑ ምርመራው አዎንታዊ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በራሱ ታመሙ ማለት አይደለም። የደረት ራጅ ከነንባቡ ያያይዙ፤ ሆስፒታሉ ከፈለገም የቲቢ የደም ምርመራ ያሠሩ። በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ካለባቸው ሕሙማን ጋር ሠርተው ከነበረ ይህን በቅጹ ላይ በእውነት ይሙሉ።

ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ። ሁለት ዶዝ ቢያንስ በ28 ቀን ልዩነት ያስፈልጋል። እነዚህ ሕያው ክትባቶች (ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠሩ) የቲቢውን የቆዳ ምርመራ ስለሚያዛቡ ወይ ከምርመራው ጋር በአንድ ቀን ይውሰዷቸው፣ ወይ ምርመራውን ከክትባቱ 4 ሳምንት በኋላ ያድርጉ። የቢጫ ወባ ክትባትም ሕያው ስለሆነ ከእነርሱ ጋር በአንድ ቀን ይሰጥ፤ ካልሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ይራራቅ።

ቢጫ ወባ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች የምትቆጠር በመሆኗ ሕንድ፣ ደቡብ አፍሪካና ሌሎች ብዙ አገሮች ቢጫ ካርዱን (የክትባቱን ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት) ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚሠራው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ሲሆን አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከበረራው ሦስት ቀን በፊት ተከትቦ ሕንድ የገባ ሰው እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ስምዎንና የልደት ቀንዎን አንድ ያድርጉ

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ያገኘሁት የመጀመሪያው ዕድል የተበላሸው በአንድ ፊደል ነበር፤ የአያቴ ስም በፓስፖርቱ ላይ በአንድ መንገድ፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ በሌላ መንገድ ተጽፎ ነበርና የአንድ ማመልከቻ ማዕከል ሠራተኛ ወረቀቱን መለሰልኝ፤ ማስተካከያው ሲደርስ የልምምዱ ቀን አልፎ ነበር። በወሎ ይህ ችግር በጣም የበዛ ነው። «ሰይድ» የሚለው ስም አንዱ ወረቀት ላይ በ«አይ»፣ ሌላው ላይ በ«ዋይ» ይጻፋል፤ «መሐመድ» አንዴ በአንድ «ኤም»፣ አንዴ በሁለት፤ «ሁሴን» በአንድ «ኤስ» ወይም በሁለት፤ «ይማም» ደግሞ በ«ዋይ»ም በ«አይ»ም።

1. ፓስፖርትዎን፣ ትራንስክሪፕትዎን፣ የልደት ምስክር ወረቀትዎን፣ የክትባት ካርድዎንና የባንክ ደብተርዎን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ።
2. ፓስፖርቱን እንደ ዋና መለኪያ ይውሰዱ፤ ሌሎቹን ወደ እርሱ ያስጠጉ። የትምህርት ማስረጃ በሬጅስትራር፣ የባንክ ስም በቅርንጫፉ ይስተካከላል።
3. የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ሲያጋጥምዎ የአባትዎን ወይስ የአያትዎን ስም ልጻፍ ብለው አይገምቱ፤ በፓስፖርቱ በዚያ ቦታ የሰፈረውን እንዳለ ይቅዱ።
4. ለማስተካከል ጊዜ ካጠረ ሬጅስትራሩ ሁለቱም አጻጻፎች የአንድ ተማሪ መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር ያያይዙት።

የልደት ቀንን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለመለወጥ ስምንት ዓመት መደመር ብቻውን አይበቃም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ ሰው የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ኅዳር 10 ቀን 1994 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2001 ተወለደ እንጂ 2002 አይደለም። ጥር 5 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደች ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2003 ነው የተወለደችው። ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶ ዓመቱን ብቻ የለወጠ ወረቀት ካገኙ ያስተካክሉት፤ ቆንስላው ስሕተት ሳይሆን ሁለት ሰው ነው የሚያየው።

ደረጃ 4፦ ቦታውን ይምረጡ፣ ደብዳቤውን ያግኙ

ይህን ደረጃ ሁለተኛው የሄፓታይተስ ዶዝ እንደተወሰደ መጀመር ይቻላል።

የሕክምና ተማሪ ከሆኑ በቅድሚያ የኢትዮጵያ ሕክምና ተማሪዎች ማኅበርን ይጠይቁ፤ ማኅበሩ የዓለም አቀፉ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን አባል በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት የሚቆይ የልውውጥ ልምምድ መንገድ አለው። የፋርማሲ ተማሪዎችም ተመሳሳይ የልውውጥ መርሐ ግብር በዓለም አቀፍ ፌዴሬሽናቸው በኩል ያገኛሉ። ነርሶችና አዋላጆች ግን በአብዛኛው በቀጥታ ለሆስፒታሉ የሥልጠና ክፍል መጻፍ ይኖርባቸዋል። ይህ ይዘገያል፤ ቢሆንም ይሠራል።

በቀጥታ ሲጽፉ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ ማን እንደሆኑ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ለመማር እንደሚፈልጉ። ሁለት ሳምንት መልስ ካላገኙ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሆስፒታል ይሂዱ። የመጣው ደብዳቤ ልምምዱ ያለ ክፍያ መሆኑን፣ የሚቆጣጠርዎትን ሐኪም ስም፣ ቀናቱንና መኖሪያው በማን እንደሚሸፈን ካልገለጸ እንዲታደስልዎ ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለማንም ደላላ አይክፈሉ። በሐርቡ፣ በባቲና በከሚሴ መንገድ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ያዩትን እያወቅን «የሥልጠና ቪዛ አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ አሁንም ገንዘብ ይሰጣል። ሆስፒታሉ ክፍያ ካለው በራሱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀበላል፣ ደረሰኝም ይሰጣል። ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ በደብዳቤው ላይ ባለው አድራሻ ሳይሆን ከሆስፒታሉ ድረ ገጽ ራስዎ ባገኙት አድራሻ ይጻፉ።

ደረጃ 5፦ የገንዘብ ማስረጃ

የብዙዎቻችን ወላጆች አርሶ አደሮች ወይም ነጋዴዎች ናቸው፤ ወርኃዊ ደመወዝ የሚያሳይ ወረቀት የላቸውም። ይህ ማመልከቻዎን አያስጥልም፤ የሚያስጥለው ቀጠሮው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ድንገት ሒሳብ ውስጥ የገባ ብዙ ብር ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ጀምሮ በሒሳቡ ይቀመጥ። የእቁብ ዕጣ ከደረሰዎ የእቁቡ ሰብሳቢ የፈረመበት ወረቀት ከትርጉሙ ጋር ያያይዙ። ወጪውን የሚሸፍኑት አባትዎ ከሆኑ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ቅጂና የዝምድና ማስረጃ ያስፈልጋል። ጂዳ ወይም ቤይሩት ያለች እህት የምትልክልዎ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የሥራ ውሏንና ብሩ በባንክ የመጣበትን ደረሰኝ ትላክልዎ፤ በእጅ የመጣ ገንዘብ ማስረጃ የለውም።

ደረጃ 6፦ ቪዛ

መጀመሪያ ከየትኛው ዓይነት ቪዛ ጋር እንደሚሄዱ ይለዩ። ለአሜሪካ፣ ክፍያ የሌለው የሕክምና ተማሪ ልምምድ ቢ-1 በተባለው የቪዛ ዓይነት ይሸፈናል፤ «ለጉብኝት ነው» ብሎ ማመልከት ሐሰት ነው። ለእንግሊዝ በጎብኚ ቪዛ የሚፈቀደው ሕሙማንን ማከም የሌለበት ልምምድ ብቻ ነው። ኬንያና ሩዋንዳ ኢትዮጵያዊን ያለ ቅድመ ቪዛ ለጉብኝት ያስገባሉ፤ የጉብኝት መግቢያ ግን ዋርድ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ አይደለምና ሆስፒታሉ የትኛውን የተማሪ ፈቃድ እንደሚያወጣልዎ ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ለሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የሚከተሉትን ያሟሉ፦

1. ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት የተሰጠ፣ ከመመለሻዎ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን።
2. ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይግዙ።
3. ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው። ለኢትዮጵያውያን ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ስላለ ከ3 ወር በታች ሲቀር አያስገቡ።
4. ማመልከቻው የሚገባው ረጅሙን ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ነው። 28 ቀን ጣሊያን ሆስፒታል፣ 5 ቀን ፓሪስ ከሆነ ለጣሊያን ያመልክቱ።
5. ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም።

የቀጠሮ ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር ይሰጣል፦ 9:00 የተባለው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በመሆኑና መንገዱም አንዳንድ ጊዜ ስለሚዘጋ ከቀጠሮው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ይግቡ፤ አቅም ካለዎት ከኮምቦልቻ ይብረሩ፣ ያም ቢሆን በዋዜማው አይሁን።

ከተከለከሉ የእምቢታ ወረቀቱን ያንብቡ። የተለመደው ምክንያት ከአገሩ ለመውጣት ያለዎት ፍላጎት አልተረጋገጠም የሚለው ነው። እንዲህ ሲሆን ያንኑ ማመልከቻ ደግመው አያስገቡ፤ ዲኑ የመመለሻዎን የምዝገባ ቀን ያሰፈረበትን ደብዳቤ፣ የቀጣዩን ሮታሽን (በየክፍሉ የሚዞሩበትን ልምምድ) መርሐ ግብርና የገንዘቡን ምንጭ አጠናክረው በይግባኝ ወይም በአዲስ ማመልከቻ ያቅርቡ።

ደረጃ 7፦ የሽርሽር ቀናትን ያስቀምጡ

ጉዞውን ከልምምዱ በኋላ እንጂ በፊት አያድርጉ። ቀድመው ዞረው ቢታመሙ ወይም ሻንጣ ቢጠፋብዎ የሚጎዳው ልምምዱ ነው። ለ4 ሳምንት ልምምድ ከ4 እስከ 6 ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ማመልከቻውን የሚያየው ሰው ዋና ዓላማዎ የትኛው እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። እነዚያን ቀናት በማመልከቻው ላይ በግልጽ ያስፍሩ።

ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የሸንገን ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ስለዚህ በቅዳሜና እሑድ ወደ ለንደን ወይም ወደ ኢስታንቡል ወጥተው መመለስ አይችሉም፤ በሩ ከኋላዎ ይዘጋል።

የደሴ ልጅ በብርዱ ደጋ ስላደገ ወባን አይላመድም። ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በባቡር ሊወርዱ ካሰቡ መከላከያ ያስፈልግዎታል፤ ሐኪም አማክረው ይምረጡ። ዶክሲሳይክሊን በቀን 100 ሚሊ ግራም ሆኖ ከመግባትዎ 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ይጀመራል፣ ከወጡም በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። በባዶ ሆድ ጉሮሮን ስለሚያቃጥል በሙሉ ብርጭቆ ውኃና ከምግብ ጋር ይውሰዱ፤ ረመዳን ከሆነ በኢፍጣር ሰዓት፣ በዐቢይ ጾም ከሆነ ጾም ከፈቱ በኋላ ያድርጉት፤ እንደወሰዱም አይተኙ።

እናትዎ ጭኮና ቋንጣ ሊቋጥሩልዎ ይፈልጋሉ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ መግባት የተከለከለ ስለሆነ ቅቤ የገባበት ጭኮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጣላል። ለርስዎ ሲሉ የደከሙበት ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ከማየት አስቀድሞ ማስረዳት ይሻላል፤ «እማዬ፣ ደረቅ በሶ ይበቃኛል» ይበሏቸው።

ደረጃ 8፦ ዋርድ ውስጥ

የወሎ ተማሪ ሲ-ቱ (ሁለተኛው የክሊኒክ ዓመት) ሲደርስ ብዙ ሥራ በእጁ ሠርቷል፤ አዋልዷል፣ ሰፍቷል፣ ደም ቀድቷል። እዚያ ግን የሚቆጠረው የሚቆጣጠርዎ ሐኪም የፈቀደው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ምን እንድነካ ተፈቅዶልኛል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ። በተቃራኒውም የሰው ኃይል የጎደለበት ሆስፒታል ካልተማሩት ሥራ ፊት ሊያቆምዎ ይችላል፤ «አልሠለጠንኩበትም» ብለው ወደ ኋላ ይበሉ። በአገርዎ ብቻዎን የማይሠሩትን በሰው አገር ሕመምተኛ ላይ አይለማመዱ።

ሕመምተኛን ፎቶ አያንሡ። ፊቱ ባይታይም፣ እርሱ ፈቅዶም ቢሆን፣ ሆስፒታሉ በጽሑፍ ካልፈቀደ አይቻልም።

ደረጃ 9፦ መርፌ ቢወጋዎ

1. ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠቡ፤ አይጭመቁት።
2. ለሚቆጣጠርዎ ሐኪም በዚያው ደቂቃ ይንገሩ፤ ማፈር አያስፈልግም።
3. የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ 28 ቀን ይወሰዳል።
4. የደም ምርመራ የመጀመሪያ ውጤትዎን ቅጂ ይያዙ።

መድኃኒቱ በሆስፒታሉ እንደሚገኝና ማን እንደሚከፍለው በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ። የጉዞ መድኖች ይህን ብዙ ጊዜ አይሸፍኑም።

ደረጃ 10፦ ከመውጣትዎ በፊትና ከተመለሱ በኋላ

የመጨረሻው ዓርብ ሳይደርስ ሎግቡክዎን አስፈርመው ማኅተም ያስደርጉ፤ ሐኪሞች ፈቃድ ይወጣሉ፣ ከደሴ ሆኖ ፊርማ መከታተል ወራት ይወስዳል። ዋናውን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፣ ቅጂውን ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ።

የወባ አገር ሄደው ከነበረ በተመለሱ በ3 ወር ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ደጋው ደሴ ላይ መርማሪው አስቀድሞ ወባን ላያስብ ይችላልና የት እንደነበሩ ሳይጠየቁ ይንገሩት።